ትንሽ ከተማ፣ ትልቅ ሊግ፦ የዊኒፔግ ጄትስ የዓመት ትኬት ሲመዘን

ከሰሜን አሜሪካው የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ ከኤንኤችኤል፣ 32 ቡድኖች መካከል በሕዝብ ቁጥር ትንሿን ከተማ ይዞ የሚወዳደረው ዊኒፔግ ጄትስ ነው። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ይህች በካናዳ የማኒቶባ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ከአካባቢዋ ጋር 834,678 ነዋሪ ነበራት። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ዋጋውም ካልተገለጸ በቀር በካናዳ ዶላር ነው።) ከተማዋ አንድ ጊዜ ቡድኗን አጥታ ከ15 ዓመት በኋላ መልሳ አግኝታለች። ስለዚህ የዓመት ትኬት የሚገዛ ሰው ከወንበሩ ምቾት ሌላ ቡድኑ ይዘልቅ እንደሆነም ማሰቡ አይቀርም። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፦ ጨዋታው ለገንዘቡ ይመጥናል፤ አዳራሹም ከሚጠበቀው በላይ ነው። የ41ዱን የሜዳ ጨዋታ ሙሉ ጥቅል ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ አንመክርም። ችግሩ ደግሞ ቡድኑን በከተማዋ የሚያቆየው ዋናው ነገር ይኸው ሙሉ ጥቅል መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው ጄትስ በ1972 ተመሥርቶ በ1979 ኤንኤችኤልን ተቀላቀለ፤ በ1996 ወደ ፊኒክስ ተዛወረ። ያኔ ከተማዋ ሆኪ ስላልወደደች አልሄደም። ለተጫዋቾች የሚከፈለው በአሜሪካ ዶላር ነው፤ ትኬቱ የሚሸጠው ደግሞ በካናዳ ዶላር። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የካናዳ ዶላር 73 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። ደመወዝ ጣሪያ አልነበረውም፤ አሮጌው ዊኒፔግ አሬናም ለኩባንያዎች ተከራይተው ገቢ የሚያስገኙ ልዩ ክፍሎች እንደልብ አልነበሩትም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። በ2004 መጨረሻ ላይ በፖርቴጅ ጎዳና፣ የቀድሞው የኢተንስ መደብር በነበረበት ቦታ፣ አዲሱ አዳራሽ ተከፈተ። በ2005 ሊጉ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ካሳጣው የባለቤቶችና የተጫዋቾች የሥራ ውዝግብ በኋላ የደመወዝ ጣሪያ ደነገገ። ማርክ ቺፕማንና ዴቪድ ቶምሰን የያዙት ትሩ ኖርዝ ኩባንያ በ2011 አትላንታ ትራሸርስን ገዛ። በወቅቱ እንደተዘገበው ዋጋው 170 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ከዚህም 60 ሚሊዮኑ ለሊጉ የተከፈለ የመዛወሪያ ክፍያ ነው። የሊጉ የባለቤቶች ቦርድ ከማጽደቁ በፊት 13,000 የዓመት ትኬት እንዲሸጥ ታቀደ። ዋጋው በአንድ ጨዋታ ከ39 እስከ 129 ዶላር ነበር፤ ገዢውን ለዓመታት የሚያስር ውልም ነበረው። ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ዕለት የቀረው ትኬት በደቂቃዎች አለቀ።

ያ ፍጥነት ብዙዎችን አሳሳተ። 13,000 ትኬት በ2021 የሕዝብ ቁጥር ሲሰላ ከ64 ነዋሪ አንድ ማለት ነው፤ በቶሮንቶ አካባቢ ያው ቁጥር ከ477 ነዋሪ አንድ ይሆናል። በትልልቆቹ ከተሞች ደግሞ ብዙውን ወንበር ኩባንያዎች ለደንበኞቻቸው ይይዙታል። በዊኒፔግ የኩባንያ ድርሻ ዝቅተኛ ስለሆነ ሸክሙን የሚሸከሙት ቤተሰቦች ናቸው። ኩባንያ ትኬቱን ከማስታወቂያ በጀት ይከፍላል፤ ቤተሰብ ግን ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ ጋር አወዳድሮ ነው የሚወስነው።

ብዙዎቹ ትኬቶች የተገዙት በማኅበር ነው፤ ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። አራት ቤተሰቦች ሁለት ወንበር በአንዱ ስም ይይዛሉ፤ 41ዱን ጨዋታ ሲከፋፈሉ ለእያንዳንዳቸው 10 ገደማ ይደርሳል። አንዱ ቤተሰብ ሲወጣ የቀሩት ሦስቱ ወደ 14 ጨዋታ ይወጣሉ፤ ወጪያቸውም በሲሶ ይጨምራል። ሌላ ሰው ካላገኙ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛው ይወጣል፤ የቀሩት ሁለቱ 20 ጨዋታ መሸከም ስለማይችሉ ትኬቱን ይመልሳሉ። ቡድኑ በመዝገቡ የሚያየው የአንድ ሰው መውጣትን ነው፤ እውነቱ ግን አራት ቤት ነው የተበተነው። ከኮቪድ ወረርሽኝ በኋላ የሆነው ይህ ነው። በ2023/24 የዓመት ትኬት ቁጥሩ ወደ 9,500 ወረደ። የጎደለው 3,500 ወንበር በ41 ጨዋታ ሲባዛ 143,500 ትኬት ነው፤ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ መሸጥ ያስፈልጋል።

በዚያው ዓመት ቡድኑ 110 ነጥብ ሰብስቧል። አማካይ ተመልካቹ ግን 13,500 ገደማ ሆኖ ከሊጉ መጨረሻ ሁለተኛ ነበር። በየካቲት 2024 ቺፕማን በዚህ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ መቀጠል እንደማይቻል በይፋ ተናገረ፤ የሊጉ ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማንም ወደ ከተማዋ መጣ። ማሸነፍ ብቻውን ወንበር እንደማይሞላ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። በ2023 የፀደይ ወራት የቡድኑን መሄድ የሚያስታውስ የትኬት ማስታወቂያ ወጥቶ ብዙ ደጋፊ ቅር ተሰኝቶበታል፤ እኛም ቅሬታውን ትክክል እንለዋለን። ደጋፊው በ1996 የደረሰበትን አይረሳም፤ ያንን እያነሱበት ሳይሆን የሚችለውን ጥቅል አዘጋጅተውለት ነው መሸጥ ያለበት።

በኋላ ቡድኑ አነስተኛ ጥቅሎችን ማስፋፋቱና ለየቤተሰቡ በቀጥታ መሸጡ ተገቢ እርምጃ ነበር። አራተኛው ቤተሰብ ቢወጣ የቀሩት አይነኩም። ለገዢውም ቢሆን የምንመክረው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የጨዋታ ሰሌዳውን አውጥተው የሥራ ቀን ምሽቶችን ይለዩ፤ ከዚያ በእርግጥ የሚሄዱባቸውን ይቁጠሩ። ቁጥሩ ከ12 ካልበለጠ አሥር ጨዋታ አካባቢ ያለው ጥቅል ይበቃዎታል። ከ20 በላይ ከሆነ ግማሹን ይያዙ። የማይሄዱበትን ምሽት «እሸጠዋለሁ» ብለው አያስሉ፤ በጥር ማክሰኞ ምሽት ብዙ ደጋፊ ከሌለው ቡድን ጋር የሚደረግ ጨዋታ በዳግም ሽያጭ ከገዙበት በታች ነው የሚወጣው። ቶሮንቶ ወይም ሞንትሪያል ሲመጣ ግን ገዢ አይጠፋም። እንዲያውም የዓመት ትኬት ትልቁ ጠላት ይህ የዋጋ ልዩነት ነው፦ ጎረቤት በመጨረሻው ሰዓት ርካሽ ወንበር ካገኘ አስቀድሞ የከፈለው ሰው በሚቀጥለው ዓመት አያድስም።

አዳራሹ ካናዳ ላይፍ ሴንተር ይባላል፤ በ2021 ነው ይህን ስም የያዘው። ለሆኪ 15,225 ሰው ይይዛል፤ ከሊጉ ትንንሾቹ አንዱ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዩ አሉ፤ ለዚህ ከተማ ግን ልክ ነው። 18,000 ወንበር ቢኖር ኖሮ ባዶው ይበዛ፣ ትኬቱም ይረክስ ነበር። ከላይኛው ደረጃ ሳይቀር ሜዳው ቅርብ ይመስላል፤ ድምፁም ጣሪያው ሥር ይታመቃል።

ወንበር ሲመርጡ ሜዳውን ከከበበው መስታወት አጠገብ ያለው የመጀመሪያ ረድፍ አያጓጓዎት። የተጫዋቾቹን ፍጥነትና የግጭቱን ድምፅ ከዚያ የተሻለ የሚያሰማ ቦታ የለም፤ ነገር ግን ሜዳው 61 ሜትር ስለሚረዝም በሌላኛው ጫፍ የሚሆነው አይታይም። ለጨዋታው አዲስ ለሆነ ሰው ከፍ ያለ የማዕዘን ወንበር ይሻላል፤ ቅብብሉ ከመነሻው ይታያል፣ ዋጋውም ከመሐል ወንበር ይቀንሳል። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የሁለቱ ቡድኖች ተጠባባቂዎች በአንድ ጎን ሲቀመጡ፣ በሊጉ ደንብ ባለሜዳው ጨዋታውን የሚጀምረው ለራሱ ተጠባባቂዎች የቀረበውን ግብ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ በአንደኛውና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ጄትስ የሚያጠቃው በእንግዳው ቡድን ተጠባባቂዎች በኩል ወዳለው ግብ ነው። ጎል በቅርብ ማየት የሚፈልግ በወንበር ካርታው ላይ ያንን ጫፍ ይፈልግ። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ጎን ስለሚቀየር የቡድኑ ተጠባባቂዎች ከሚጠብቀው ግብ ይርቃሉ፤ ተከላካዮችም ለቅያሪ ረጅም መንገድ ይንሸራተታሉ፤ ደክመው ሜዳ ላይ የሚቀሩትም፣ ጎል የሚበዛውም በዚህ ጊዜ ነው። ምግብ ለመግዛት መነሳት ካለብዎ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አይነሱ።

ጨዋታው 20 ደቂቃ የሚፈጁ ሦስት ክፍለ ጊዜዎችና በመሐላቸው 18 ደቂቃ የሚቆዩ ሁለት ዕረፍቶች አሉት፤ ሁሉም ተደማምሮ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ትኬቱ በስልክ ነው የሚታየው። በጥር ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ላይ ውጭ ሲቆሙ ባትሪው ግማሽ እያለውም ስልክ ሊዘጋ ይችላል፤ በውስጥ ኪስ፣ ሰውነትዎ አጠገብ ይያዙት፤ ትኬቱንም በር ሳይደርሱ ይክፈቱት። አዳራሹ የመሐል ከተማውን ሕንፃዎች ከሚያገናኘው የተሸፈነ የእግረኛ መተላለፊያ ጋር ይገናኛል። መኪናን ራቅ አድርጎ አቁሞ በዚያ መምጣት ከብርዱም ከወረፋውም ያድናል። ውስጥም ቢሆን ከታች ረድፎች ላይ ስለሚበርድ ጃኬት ያስፈልጋል።

ድባቡ በዚህ ሊግ ከምናውቃቸው ሁሉ ከፊተኞቹ ነው። ብሔራዊ መዝሙሩ «ትሩ ኖርዝ» የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ይጮኻል። ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው የፕሌይኦፍ (የጥሎ ማለፍ) ጊዜ ሁሉም ነጭ ለብሶ ይመጣል፤ ይህ ልማድ ከ1987 የቆየ ነው። ግንቦት 4 ቀን 2025 ከሴንት ሉዊስ ጋር በተደረገው የዙሩ ሰባተኛና ወሳኝ ጨዋታ ኮል ፐርፌቲ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ከሁለት ሴኮንድ በታች ሲቀር አቻ አደረገ፤ አዳም ላውሪ በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 3 የሚያሸንፉበትን አስቆጠረ። ቡድኑ በዚያ ዓመት በመደበኛው ውድድር 56 ጨዋታ አሸንፎ በ116 ነጥብ የሊጉ አንደኛ ነበር፤ ግብ ጠባቂው ኮነር ሄለባክም የዓመቱ ኮከብ ተብሎ የሃርትን ዋንጫ ወሰደ። ገንዘቡ ምን እንደሚገዛ ለሚጠይቅ መልሱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ዘላቂነቱ። የከተማ ትልቅነት ብቻውን ቡድን አያቆይም። በሕዝብ ቁጥር ከዊኒፔግ እጅግ የምትበልጠው አትላንታ ሁለት ጊዜ ቡድን አጥታለች፤ በ1980 ለካልጋሪ፣ በ2011 ለዊኒፔግ። ከዊኒፔግ ወደ ፊኒክስ የሄደው ቡድን ራሱ መጨረሻ ላይ 4,600 ገደማ ሰው በሚይዝ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ሲጫወት ቆይቶ ተጫዋቾቹ በ2024 ወደ ዩታ ተዛወሩ። እዚያ ቡድኑ የሰው አዳራሽ ተከራይ ነበር፤ በዊኒፔግ ግን ትሩ ኖርዝ የአዳራሹም ባለቤት ነው። የኮንሰርቱ፣ የመጠጡ፣ በዚያው በረዶ ላይ የሚጫወተው የሁለተኛ እርከን ቡድን የማኒቶባ ሙስ ገቢ ወደ አንድ ካዝና ይገባል። ከመንግሥት በኩልም የቁማር ማሽን ገቢ ድርሻና የመዝናኛ ግብር ተመላሽ አለ፤ ይህ ድጋፍ ባይኖር ሒሳቡ እንደሚጠብ ለግብር ከፋዩ በግልጽ መነገር አለበት። አዳራሽ ብቻውን ደግሞ ቡድን አያመጣም፦ ኩቤክ ሲቲ በ370 ሚሊዮን ዶላር 18,000 ሰው የሚይዝ አዳራሽ በ2015 ከፍታ አሁንም ኤንኤችኤልን ትጠብቃለች።

የማያስተኛው ነገር ምንዛሪው ነው። የደመወዝ ጣሪያው በ2011/12 64.3 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነበር፤ ያኔ ሁለቱ ዶላሮች እኩል ለእኩል ነበሩ ማለት ይቻላል። በ2025/26 ጣሪያው 95.5 ሚሊዮን ደርሷል። የካናዳው ዶላር 72 ሳንቲም ሲሆን ይህ 132.6 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ነው፤ ምንዛሪው በአንድ ሳንቲም ቢወርድ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ይጨምራል። ለ2026/27 የተቀመጠው ጣሪያ 104 ሚሊዮን ነው። ከካናዳው የመገናኛ ኩባንያ ከሮጀርስ ጋር የተፈረመው፣ ለ12 ዓመት 11 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣው አዲሱ የቴሌቪዥን ውል ጥቂት ያግዛል፤ ሆኖም ገንዘቡ የሊጉ ስለሆነ ለዊኒፔግ የሚደርሰው ድርሻ ነው።

ስለዚህ ከተማዋ ቡድኗን መያዝ ትችላለች እንላለን፤ ትኬቱ እንደ ቶሮንቶ ካልተሸጠ። 13,000 ሙሉ ጥቅል ፍለጋ ከመድከም በአሥር በአሥር ጨዋታ ብዙ ሺህ አዳዲስ ቤቶችን መድረስ ይሻላል። የሚያድስ ገዢም ከመፈረሙ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ በ2026/27 የሊጉ መደበኛ ጨዋታ ከ82 ወደ 84 ከፍ ይላል፤ የአቋም መለኪያ ጨዋታዎች ደግሞ ይቀንሳሉ። በጥቅሉ ውስጥ ስንት የአቋም መለኪያ ጨዋታ እንደተካተተና ዋጋው ከመደበኛው ጋር እኩል መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ ይያዝ።