ለደብረ ብርሃኑ ሰዓት ሠሪ የቀረበ ምስጋና፣ ውድ ሰዓት ይዛችሁ ለምትጓዙም ጥቆማ

በደብረ ብርሃን ከተማ መናኸሪያ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ የሚሠሩትን ሰዓት ሠሪ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ውድ የእጅ ሰዓት ይዘው በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መስመር ለሚመላለሱ ወገኖቼ እርሳቸውን ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሰዓቱ የአባቴ ነው። በአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ሲያገለግሉ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ የገዙት፣ በየጠዋቱ በእጅ የሚሞላ ኦሜጋ ሲሆን፣ እርሳቸው ሲያርፉ እናቴ «አንቺ እሰሪው፤ ሣጥን ውስጥ ቆልፈን ምን እናደርገዋለን» ብለው ሰጡኝ። የወንድ ሰዓት በመሆኑ ለእኔ እጅ ይሰፋል፤ ማሰሪያውም የሚለጠጥ የብረት ሰንሰለት ስለነበር ሳይፈታ ተንሸራትቶ ይወጣል። ሥራዬ ደግሞ መንገድ ላይ ነው፤ ቤቴም ብዙውን ጊዜ ሰው የለበትምና ትቼው ብሄድም ልቤ አያርፍም።

ጋሼን ከማግኘቴ በፊት የደረሰብኝን ሳልናገር ባልፍ ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆናል። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ በር ላይ ስንጋፋ፣ አንድ ወጣት «እህቴ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ሲለኝ እጄን ቀና እንዳደረግሁ፣ በጎኔ የቆመው ጓደኛው ሰንሰለቱን ጨብጦ ወደ ጣቶቼ ሳበው። የአውራ ጣቴ አጥንት ባይዘው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው የአፋልጉኝ ማስታወቂያ በሆነ ነበር። ለተራ አስከባሪው ብነግረው «አንቺስ ማን አሳይተሽ ሂጂ አለሽ?» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

በሌላ ከተማ ያደርኩበት ሆቴል ደግሞ፣ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ክፍል ውስጥ ለሚጠፋ ዕቃ ኃላፊነት እንደማይወስዱ ነግሮኝ ሰዓቱን ተረከበኝ፤ የርክክብ ወረቀት ስጠይቀው ግን «አታምኚንም እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ሲነጋ የማታው ተረኛ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ የጠዋቱ ተረኛ ስለ ሰዓት የሰማው ነገር የለም። መኪናው ሊነሳ ሲል፣ እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ ማልቀስ ስጀምር፣ የአባቴ ሰዓት ከተዛጉ ቁልፎችና ከአሮጌ ደረሰኞች ጋር ተደባልቆ ከመሳቢያ ወጣ። ይቅርታ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልሰማሁም።

ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነጋዴ «ይህን ሌባ አይከፍተውም» እያለ ያሞገሰልኝን፣ ክዳኑ በማግኔት ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ትንሽ ቦርሳ ገዝቼ ሰዓቱን ለመንገድ እዚያ ውስጥ ማስቀመጥ የጀመርኩት። ብዙም ሳይቆይ ሰዓቱ በየቀኑ ወደፊት ይሮጥ ጀመር። የወሰድኩበት ሰዓት ቤት ሠራተኛ ወደ ጓዳ ይዞት ገባና ቆይቶ ሲመለስ፣ የውስጡ ዕቃ በሙሉ ካልተቀየረ እንደማይድን ነገረኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ ከወር ደመወዜ ይበልጣል፤ ከዋጋው ይልቅ ግን «ትተሽው ሂጂ» ማለቱ አስፈራኝ።

ጋሼ ዘንድ የሄድኩት በዚህ ሁሉ ተማርሬ፣ እኚህም ያው ናቸው ብዬ ነው። ሰዓቱን ስሰጣቸው ወዲያው አልተቀበሉኝም። መጀመሪያ ጠረጴዛውን ጠረጉ፣ ነጭ ጨርቅ አነጠፉበት፣ ከዚያም ከደንበኛ ወገን የነበረችውን ዱካ አንስተው ከራሳቸው ወንበር አጠገብ አኖሩና «ልጄ፣ እዚህ ተቀመጪ፤ ከፍቼ እስክዘጋው ድረስ ዓይንሽን ከእጄ ላይ አታንሺ፤ የሰው ንብረት ባለቤቱ ሳያይ አይከፈትም» አሉኝ። የርክክብ ወረቀት ስለጠየቅሁ ብቻ ሰው ያንቋሸሽኩ ያህል የተቆጡኝን ለማውቅ ለእኔ፣ አንድ ባለሙያ በገዛ አፉ «ጠብቂኝ» ሲለኝ መስማት ትልቅ ነገር ነበር። ስለ ደግነታቸው ሌላ ምንም ባልጽፍ ይህችን ብቻ ሰው እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

ቀጥለው ከመሳቢያቸው ትንሽ ኮምፓስ አውጥተው ሰዓቱን አጠገቡ ሲያደርጉት የኮምፓሱ ቀስት ተንቀጠቀጠና ዞረ። ቀና ብለው «ይህን ሰዓት በምንድን ነው የምትይዢው?» ሲሉኝ ቦርሳውን አሳየኋቸው፤ ክዳኑን ከፍተው ዘጉና ሳቁ። የሰዓቱ በሽታ ያ የተሞገሰው ክዳን ኖሯል፤ ማግኔቱ የውስጡን ቀጭን ጥቅልል ሽቦ ስለነካው ነው ሰዓቱ የሮጠው። አንዲት ሣጥን የምታክል መሣሪያ ላይ አድርገው አንድ ቁልፍ ተጭነው አነሱት። መሣሪያዋ ምን እንዳደረገች ዛሬም አይገባኝም፤ ኮምፓሱ አጠገብ ሲመልሱት ግን ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ለዚህ ያስከፈሉኝ ገንዘብ ከአዲስ አበባ ለሚኒባስ ከምከፍለው አይበልጥም።

የሌባውን ታሪክ ስነግራቸው ሰንሰለቱን አውልቀው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና በምትኩ አንድ ወጥ ረጅም ቆዳ አሰሩልኝ። ቆዳው በሰዓቱ ጀርባ በኩል ስለሚያልፍ፣ ማሰሪያውን ከሰዓቱ ጋር ከሚይዙት ሁለት ፒኖች አንደኛው ቢሰበር ወይም ሌባ ቢጎትተው ሰዓቱ በሌላኛው ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዚህም አላበቁም፤ ከውስጡ ማሽን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በማጉሊያቸው አንድ በአንድ እያነበቡ እኔን አስጻፉኝ፤ የጀርባውንና የፊቱንም ፎቶ በስልኬ አስነሱኝ። «ወርቃማ ሰዓት ጠፋብኝ ብለሽ ፖሊስ ጣቢያ ብትሄጂ ወርቃማ ሰዓት ያለው ስንቱ ነው? ቁጥሩ ግን የአንቺ ብቻ ነው» አሉኝ። ቅጂውን እርሳቸው ዘንድ ልተውላቸው ብል «የለም፣ የሰው ምስጢር ሱቄ አያድርም» ብለው ወረቀቱን በእጄ መለሱልኝ።

ምክራቸውም ከሥራቸው አይተናነስም። ሰዓት መናኸሪያ ከመግባት በፊት ቤት ውስጥ ይፈታል እንጂ መናኸሪያ ውስጥ አይፈታም፤ እዚያ የሚፈታ ሰው የደበቀበትንም ቦታ አብሮ ያሳያል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ገላ ላይ በሚያርፍ ባለ ቁልፍ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል፤ እንዲያውም ጎረቤታቸው ወደሆኑት ልብስ ሰፊ ልከው ከቀሚሴ ወገብ በውስጥ በኩል ኪስ አሰፉልኝ። ጣሪያ ላይ በሚጫን ሻንጣ ውስጥማ ፈጽሞ አይደረግም።

ይህን መንገድ የምታውቁ ደግሞ የሚከተለው ይገባችኋል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ራሱ ዘበኛ ነው፤ ካፖርቱና ጋቢው እጅን እስከ ጣት ስለሚሸፍኑት ሰዓት አይታይም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ጣርማበር ዋሻውን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ግን ሙቀቱ ይጀምራል፤ ሸዋ ሮቢት እስክንደርስ ካፖርት ይወልቃል፣ እጅጌ ይጠቀለላል፣ ክንድ መስኮት ላይ ይወጣል። ጋሼ እንደሚሉት ሰዓት የሚያሰርቀው ይህ የመዘንጋት ጊዜ ነው። የደብረ ሲና ቆሎ ሻጮችን እያማሁ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ ቆሏቸውን ሳልገዛ አላልፍም፤ ሰዓቱን አስሬው ከሆነ ግን ብሩን የምሰጠው ሰዓት በሌለው እጄ ነው።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባም፣ መሐል ሜዳም፣ ለክብረ በዓልም ስሄድ የአባቴ ሰዓት አብሮኝ ይሄዳል፤ እንዳይሰረቅብኝ ብዬ በየመንገዱ ወገቤን መዳበሴም ቀርቷል። እግዚአብሔር እጃቸውን ይባርክልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የወላጅ ቅርስ የሆነ፣ ወይም በብዙ ድካም የተገዛ ሰዓት ያላችሁ ሁሉ ከመንገዳችሁ በፊት እርሳቸው ዘንድ ጎራ በሉ፤ ደግሜ እላለሁ፣ ጎራ በሉ። መናኸሪያው አካባቢ ደርሳችሁ «ሰዓት ሠሪው ጋሼ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሊስትሮዎቹ ያሳዩአችኋል። ስትሄዱ ግን ማለዳ ይሁን፤ ፀሐይዋ ከሱቃቸው በር ላይ ከዞረች በኋላ የማንንም ሰዓት አይከፍቱም።