«የተከበሩ»ን እናመሰግናለን (የካ አባዶ ላላችሁ)

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ፦ ማመልከቻ የሚጽፍ ወይም የሕንፃ መተዳደሪያ ደንብ የሚያረቅ ሰው ከፈለጋችሁ፣ ከታክሲ ማዞሪያው አጠገብ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ሰማያዊ ኮንቴይነር የሚሠሩትን ጋሼን ጠይቁ። ስማቸውን ባታውቁም ግድ የለም፤ «የተከበሩ» ካላችሁ ሕፃን ልጅ ያደርሳችኋል።

ቅጽል ስሙ በሹፈት የወጣ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ነበሩ፤ አምስት ዓመት ተብሎ በኮሮና ምክንያት ስድስት የሆነው የዚያ ዘመን ተመራጭ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ተሸነፉ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ሰሞን ታክሲ ተሰልፈው ሳያቸው ከንፈሬን አልመጠጥኩም። ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ በያዙበት ምክር ቤት እጅ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ለእኛ ምን ይረቡናል ብዬ ነበር።

የእኛ ጣጣ የውኃ ፓምፕ ነው። የምድር ቤት ነዋሪዎች ውኃው ያለ ፓምፕ ስለሚደርሳቸው የመብራቱን አንከፍልም አሉ። አራተኛ ፎቅ ያለነው ስምንት ወር ጀሪካን ተሸከምን። ማኅበሩ አራት ጊዜ ተሰብስቦ አራት ጊዜ ተሰዳድቦ ተበተነ።

ጋሼ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995ን ይዘው መጡ። የጋራ ወጪ የሁሉም ቤት ባለቤት ዕዳ እንደሆነ አነበቡልን፤ ለተናጋሪ ሁለት ሁለት ደቂቃ ሰጡ፤ ያቋረጠውን ጎረቤቴን (ባለቤቴን ጭምር) አስቀመጡ። ከዚያ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተዓቅቦ። ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ለምን ስንላቸው የካቲት 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲጸድቅ የድጋፉ ድምፅ መጀመሪያ 346፣ ኋላ ደግሞ 395 መባሉን አስታወሱን። «እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቆጠራ አላምንም» አሉ። ሦስት ተቃዋሚዎቻችንን በቃለ ጉባኤው በየስማቸው አሰፈሩ። ከተቃወሙት አንዱ አሁን ገንዘብ ያዣችን ነው።

ውኃው ከወጣ አምስት ወር ሆነው። ለማመልከቻ 150 ብር፣ ለደንቡ ተነጋግረን ከፈልን፤ ደረሰኝ ቆርጠዋል። ጠበቃ አይደሉም፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚደርስ ከሆነ ራሳቸው ጠበቃ ፈልጉ ይሏችኋል። ወሬያቸው ግን ይረዝማል፣ ቸኩላችሁ አትሂዱ።

ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ጭራሽ አትሂዱ። የምክር ቤቱ መደበኛ ስብሰባ ቀን ስለሆነ ቴሌቪዥኑን ከፍተው አፈ ጉባኤውን ሲያርሙ ማመልከቻችሁ ይቆያል።