የአባቴን ስፓይደር ወደ ቁመቷ ለመለሱልኝ የወለቴው ጎሚስታ

ይህን ምስጋና ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ዘግይቻለሁ። መጀመሪያ መኪናዋን በደንብ ነድቼ ማየት ፈልጌ ነው። አሁን አይቻለሁ።

አባቴ ሲያርፍ ለእኔ የደረሰችኝ ፊያት 124 ስፓይደር ናት። ፒኒንፋሪና የነደፋት፣ በፈረንጆቹ 1966 ቱሪን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው፣ ጣሪያዋ የሚታጠፈው ባለ ሁለት በር ፊያት። በልጅነቴ ከኋላ ባለችው ጠባብ ወንበር ተጣጥፌ ወደ ሰበታ ስንሄድ ፀጉሬ በነፋስ ተደበላልቆ ነበር የምደርሰው። ስለዚህ ይህች መኪና ስትታመም ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ባለፈው ዓመት አራቱም ጎማ ሊሾ ሆኖ ነበር። መሀል ከተማ ወደ አንድ ሱቅ ወሰድኳት። ሻጩ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “ቸርኬው ስንት ነው?” 13 አልኩት። “አለቀ፣ ይሄ ይገባል” ብሎ 185/60 አር 13 አወጣልኝ። እውነትም ገባ። እኔም ከገባ ልክ ነው ብዬ ከፍዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሌላ ሆነች። መንገድ ላይ ያለ ጉብታ ሁሉ የጭስ ማውጫዋን ይነካዋል። በመጨረሻው ማርሽ እንኳ ሞተሯ ይጮሃል። ጌጁ 100 ሲያሳየኝ ከጎኔ እኩል የሚነዳው ጓደኛዬ “እኔ ጋ 93 ነው” ይለኛል። አንዱ መካኒክ ካርቡራተር ነው አለ። ሌላው ጌጁ አርጅቷል አለ። አንዱ ደግሞ “የቪትዝ ቸርኬ ባለ 14 ግጠሚባት፤ እሱም አራት ብሎን ነው፤ መሀሉ ከጠበበ ቶርኖ ቤት እናሰፋዋለን” አለኝ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ካራ ቆሬን አልፌ ወደ ሰበታ ስሄድ ወለቴ ላይ የኋላ ጎማ ተነፈሰብኝ። ከአስፋልቱ ዳር ኮንቴይነር፣ ኮምፕረሰር፣ የተደራረበ አሮጌ ጎማ። እንደማንኛውም ጎሚስታ ቤት ነው። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

ጋሼ ክሪኩን ከማንሳታቸው በፊት ሦስት እርምጃ ወደኋላ ብለው መኪናዋን አዩዋት። ቀጥለው ወዳልተነፈሰው የፊት ጎማ ሄዱና በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጭብጣቸውን አስገቡ። “ልጄ፣ እግሯን ማነው ያሳጠረባት?” አሉኝ።

የተነፈሰውን ፈትተው ጎማውን ከቸርኬው ለዩት። የቸርኬውን ውስጥ በሽቦ ብሩሽ ፈገፈጉት። ዝገቱ ሲረግፍ በብረቱ ላይ የተመታው ጽሁፍ ብቅ አለ፤ 5 ጄ በ13። ይህን ያህል ዓመት ስነዳት ያንን ቁጥር አይቼው አላውቅም። ከዚያ ጠመኔ አንስተው ሲሚንቶው ላይ ጻፉልኝ። እኔም እንደ ተማሪ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

በ185/60 አር 13 ውስጥ 185 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 60 የጎኑ ከፍታ ነው፤ በሚሊ ሜትር ሳይሆን ከወርዱ በመቶኛ። አር ራዲያል ማለት ነው። 13 የቸርኬው ዲያሜትር፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር ያለው ቁመት፣ በኢንች። ይህች መኪና ከፋብሪካ የወጣችው ደግሞ በ165 ባለ 13 ጎማ ነው። በድሮ ጎማ ላይ ሁለተኛው ቁጥር ካልተጻፈ የጎኑ ከፍታ 80 ግድም ነው ብሎ መያዝ ነው። እንግዲህ አስሉት፤ 165 በ80 ከመቶ 132 ነው። ከላይም ከታችም ስላለ 264። ቸርኬው 13 ኢንች፣ በሚሊ ሜትር 330። ድምሩ 594 ሚሊ ሜትር። የእኔው? 111 እና 111፣ 222። ከ330 ጋር 552። 42 ሚሊ ሜትር ጠፍቷል! መኪናዋ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት ወርዳለች። ጎማው በ7 ከመቶ ስላነሰ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ይሽከረከራል። ጌጁ የሚዋሸው፣ ሞተሩም የሚጮኸው ለዚህ ነው። ካርቡራተሯ ምንም አልሆነም ነበር። ለእሱ ያወጣሁት ብር አሁንም ያንገበግበኛል።

የቪትዙን ቸርኬ ሳነሳባቸው ፊታቸው ተለወጠ። ካሊፐር አምጥተው ከአንዱ የብሎን ቀዳዳ መሀል ፊት ለፊቱ እስካለው ቀዳዳ መሀል ለኩ፤ 98። የቪትዙ 100 ነው። “ሁለት ሚሊ ሜትር ምን አላት ይሉሻል። ብሎኑ ተጣሞ ይገባል፣ በደንብ አይቀመጥም፣ እየላላ ይሄዳል። አንድ ቀን ጎማሽ ቀድሞሽ ይሄዳል” አሉኝ። ያንን ያለኝን ልጅ ክፉ ነው አልልም። ግን ምክሩን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ሌሊት ሁሉ አስባለሁ።

እኔ ደግሞ ሰፊ ጎማ ያምረኛል። 205/60 ይሁንልኝ አልኳቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ብሎት ይሸጥልኝ ነበር፤ ዋጋውም ይበልጣል። እሳቸው እምቢ አሉ። ለ205 የቸርኬው ወርድ ቢያንስ 5 ኢንች ተኩል መሆን አለበት፤ የእኔ 5 ነው። ጎማው መሀሉ አብጦ ከንፈሩ ተጨምቆ ይቀመጣል፣ መታጠፊያ ላይ ይዋልላል። ፓወር ስቲሪንግም ስለሌላት መሪዋ ይከብድሻል አሉኝ። ሁለት አማራጭ ሰጡኝ፤ 165/80 አር 13 ወይም 185/70 አር 13። ሁለተኛው 589 ስለሚመጣ ከመጀመሪያው የሚለየው በ5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እኔ አባቴ የነዳበትን 165ቱን መረጥኩ።

የተነፈሰውን ለጥፈው ወደ ቤት ሸኙኝ። ባለ 165ቱን ፍለጋ ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። መጀመሪያ የመጣላቸውን መልሰውታል። ጥርሱ ሙሉ፣ አዲስ ጎማ ነበር። ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በጣታቸው አሳዩኝ፤ 1214። የ2014 12ኛ ሳምንት ማለት ነው፣ በፈረንጆች። መንገድ ሳይነካ መጋዘን ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ደርቋል። እናንተም ጎማ ስትገዙ ይህችን ቁጥር ሳታዩ ብር አታውጡ።

ስኮርታውንም በዚያው ልክ አስቀየሩኝ። እኔ አራቱ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ስኮርታው ከኋላ ገብቶ የሁለቱ የኋላ ጎማዎች ቁመት ከተለያየ፣ ኃይሉን ለሁለቱ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ቀጥ ባለ መንገድም እረፍት አያገኝም አሉኝ። ባላንስ ሠርተው፣ ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቁ በእጅ አጠበቁ። “100 ኪሎ ሜትር ነድተሽ ተመለሽ፤ እንደገና አጠብቃቸዋለሁ” አሉኝ። ተመለስኩ። እውነትም አንዱ ትንሽ ላልቶ ነበር።

አሁን ጉብታውን ሳትነካ ታልፋለች። ጌጁና የጓደኛዬ መኪና ተስማምተዋል። ባለፈው እሁድ እናቴን ይዣት ወጣሁ። ትንሽ እንደሄድን “ድምጿ የድሮው ነው” አለች፤ ከዚያ እስከ ሰበታ ዝም አለች።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ቦታውን እነግራለሁ። የድሮ ፊያት፣ ቮልስ፣ አልፋ ያላችሁ በተለይ ሂዱ። ቸርኬያችሁን ሳይለኩ ጎማ አይሸጡላችሁም፣ ስለዚህ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። የስፓይደሯ ልጅ ላከችን በሏቸው።