መብራት ሲጠፋ ብቻ ድምፁ የሚጠራው የእናቴ ራዲዮ

ሰላም ወገኖቼ። ዛሬ የመጣሁት አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ላመሰግንና ልጠቁማችሁ ነው። «በዚህ ዘመን ራዲዮ የሚያስጠግን አለ እንዴ?» የምትሉ እናቴን ስለማታውቋት ነው።

ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እናቴ ጣቢያውን አንዴ ያዘችና፣ ከዚያ ወዲህ መቃኛውን የምትነካው ለዜና ወደ ፋና 98.1 ወይም ወደ 97.1 ለመሻገር ብቻ ነው። ቴፗ ናሽናል ነው፤ ካሴት ማጫወቻው ከሞተ ቆይቷል፣ ራዲዮኑ ግን በጭቃ ቤታችን ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጦ ሰፈር ይሰማው ነበር። ሰፈራችን ለልማት ሲነሳና የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ያው ቴፕ ሽሽሽ ከማለት በቀር ሌላ ቋንቋ ጠፋው።

ያላደረግነው የለም። የሚመዘዘው አንቴና ላይ ሹካ ሰካን፣ የልብስ መስቀያ ሽቦ አሰርን። ሰው በእጁ ሲይዘው ይጠራል፣ ሲለቀው ይመለሳል። ታናሽ ወንድሜ የመዓዛ ብሩ እንግዳ ተጫውቶ እስኪጨርስ ድረስ አንቴና ሆኖ የቆመበት ቀን አለ። አንድ ሱቅ «ቡስተር (የጣቢያውን ጉልበት መጨመሪያ) ያለው ነው» ብሎ በ2,300 ብር አንቴና ሸጠልኝ፤ ሽሽታውን አጉልቶ አመጣልን። ሌላ ጠጋኝ ደግሞ ሳይከፍተው «ጣሉት፣ ዕድሜውን ጨርሷል» አለ። እናቴ ለሦስት ቀን ያህል አኩርፋው ነበር፣ ሰውየው ግን አያውቅም።

እኚህን ሰው የጠቆመኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። ጠረጴዛቸው መርካቶ ሲኒማ ራስ አካባቢ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚያስቀምጥ ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። ቴፑን ሰኩትና እዚያው ጥርት ብሎ አወራ። ደነገጥኩ። «ዕቃው ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ቤታችሁ ነው» አሉና ቅዳሜ እመጣለሁ አሉኝ። የመጡት በተከታዩ ሳምንት ረቡዕ ነው፣ ይህንን አልደብቅም።

ቤት ሲደርሱ ቡና ተፈልቶ ነበር። እናቴ እየቀዳች «ልጄ፣ ይሄ ራዲዮ እኮ መብራት ሲጠፋ ይሻለዋል» አለቻቸው። ይህንን ለእኛ ከመቶ ጊዜ በላይ ነግራናለች። እኛ እሺ እያልን እናልፋለን፤ መብራት ሲጠፋ ቤቱ ፀጥ ስለሚል ነው ብለን ነበር። እሳቸው ግን ሲኒውን አስቀምጠው ተነሱና «እማማ፣ ድንጋይ አለዎት?» አሉ። ስድስት ባትሪ ድንጋይ አስገብተው የቆጣሪውን ማጥፊያ አወረዱት። ራዲዮኑ ጠራ። እናቴ እኛን ያየችበትን ዓይን አልረሳውም።

ከዚያ መብራቱን መልሰው አንድ በአንድ ይሰኩ ጀመር። የሳሎኑ አምፖል ምንም የለበትም። የኩሽናው፣ መንገድ ዳር የገዛሁት ርካሽ ኤልኢዲ፣ ሲበራ ሽሽታው መጣ። የስልኬ ቻርጀር ጨመረበት። የዲሹ ሪሲቨር ትራንስፎርመር ደግሞ ባሰ። እንደ ነገሩኝ እነዚህ ዕቃዎች ውስጥ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በብዙ ሺህ ጊዜ እያበራ የሚያጠፋ ትንሽ ሰርኪዩት አለ፤ ማጣሪያው ሲቆጠብበት ራሱ እንደ ትንሽ ማሰራጫ ይሆናል። ጣቢያው በኃይል በሚገባበት ቤት ይህ አይታወቅም፤ እኛ ጋ ግን ጣቢያው ራሱ እየተንጠባጠበ ነው የሚገባው።

ለምን እንደሚንጠባጠብም አሳዩኝ። ከኪሳቸው የጣቢያውን ጉልበት በቁጥር የምታሳይ ትንሽ ራዲዮ አወጡና ቤቱን ዞሩ። ሳሎን 14፣ ኩሽና 22፣ ልብስ የምናሰጣበት በረንዳ 43። ከአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ማሰራጫዎች ብዙዎቹ ያሉት ፉሪ ተራራ ላይ፣ ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ ነው። እኛ ያለነው ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ሳሎናችንም ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ የተሠራ ነው። ኤፍ ኤም እንደ ድሮዎቹ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች፣ እንደ አሜሪካ ድምፅና ዶቼ ቬለ፣ ከሰማይ ነጥሮ አይመጣም፤ እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። የጭቃ ግድግዳ ያሳልፈዋል። ብረት የተሞላ ኮንክሪት ግን ይውጠዋል፣ የቀረውንም ወዲያና ወዲህ ያላጋዋል። ሰው ሲንቀሳቀስ ድምፁ የሚለዋወጠው በዚያ ምክንያት ነው።

አዲስ ነገር ግዙ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ከቦርሳቸው የመዳብ ሽቦ አወጡ። «143ን በጣቢያው ቁጥር አካፍል፣ የአንቴናው ርዝመት በሜትር ይመጣልሃል» አሉኝ። በስልኬ አካፈልኩ፤ ለ102.1 ሲሆን 1.40፣ ለ97.1 ሲሆን 1.47። መሃሉን ይዘው ሁለት 72 72 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ቆረጡና በፕላስቲክ ቱቦ ላይ አሰሩት። መሃሉ ላይ ተራ የዲሽ ኬብል በየዱ፤ ኬብሉ 75 ኦም የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ከእንዲህ ዓይነቱ አንቴና ጋር ያለ ምንም መሃል አገናኝ ይስማማል። አግድም ቢያደርጉትም ቢያቆሙትም ሞከሩ፣ በእኛ በረንዳ ቆሞ ነው የተሻለው። አሁን ከልብስ ማስጫው ገመድ ጎን ቆሟል፤ እናቴ ነጠላ እንዳይሰጣበት ከልክላለች።

ቴፑ ኬብል መሰኪያ ስላልነበረው ለአንድ ሌሊት ወስደው ከጀርባው ሠሩለት። በዚያው ከፍተው ማንም ያልጠየቃቸውን ሥራ ሠሩ። እናቴ 97.1 ስትከፍት 97.6 እየገባባት ትቸገር ነበር። የድሮ ራዲዮኖች የተሠሩት ጣቢያዎች ተራርቀው በነበሩበት ዘመን ነው፤ ውስጣቸው ያለችው 10.7 ሜጋ ኸርዝ ማጣሪያ፣ ሦስት እግር ያላት የጥፍር ያህል ዕቃ፣ ሰፊ በር ናት። በእናቴ ቴፕ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ማጣሪያዎች ነቅለው ጠባብ ተከሉላት። «ሙዚቃው ትንሽ ይደርቅባችኋል፣ ወሬ ለሚሰማ ግን አያስታውቅም» ብለው ደግሞ ሳልጠይቅ ጉድለቱን ነገሩኝ። ይህ ነው የማረከኝ። ስቴሪዮውንም (ድምፁን ለግራና ለቀኝ የሚከፍለውን) ወደ ሞኖ (ወደ አንድ ድምፅ) አዙረው «ጣቢያው ደካማ ሲሆን ግማሽ ሽሽታው የስቴሪዮ ነው» አሉ።

ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ ኬብሉንና ማጣሪያዎቹን ጨምሮ 1,100 ብር ነው። የኩሽናውን አምፖል ቀየርኩ፣ ቻርጀሩን ወደ መኝታ ቤት አዛወርኩ፤ ያንን ያለ ክፍያ ነው ያዘዙኝ።

ያንን የ2,300 ብር ቡስተር ደግሞ ጀሞ ለምትኖረው እህቴ ሰጥቻት ነበር። እሷ ያለችው ፉሪ ሥር ነው። ስትሰካው አንዱ ጣቢያ ሦስት ቦታ ይመጣል፣ ሌላው ላይ ይደረባል። ስልክ ደወልኩላቸው፤ ሳቁና «እዚያ ጎርፍ ነው፣ ጎርፍ ላይ ፓምፕ ጨመራችሁ። ንቀሉትና አንቴናውን አጥፋችሁ አስቀምጡት» አሉ። እንዲሁ አደረገች፣ ተስተካከለ። ለዚህም አላስከፈሉም። እናቴ ቤት ሽቦ የጨመሩት ሰው እህቴ ቤት አስነቀሉ።

ጉድለታቸውን ልንገራችሁ፤ ቀጠሮ አያከብሩም፣ ከሰዓት በኋላ ስልክ አያነሱም። ጠዋት ሄዶ ጠረጴዛቸው ላይ መያዝ ይሻላል። ቤት ድረስ እንዲመጡ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ መጎትጎት አለባችሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለለመኑኝ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቴሌቪዥንና ሞባይል አይነኩም።

ጋሼ፣ እናቴ ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ስለሄዱ እስካሁን ቅር ብሏታል፣ አንድ ቀን ይምጡ ትላለች። ሌሎቻችሁ ስትሄዱ ራዲዮኑ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ክፍል፣ ምን ሲበራ እንደሚንሿሿ አስተውላችሁ ሂዱ፤ ክዳኑን ከመፍታታቸው በፊት የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።