«ሸናንዶዋ በታንኳ፣ ሙሉ ጥቅል» የሚላችሁን ሰውዬ ተጠንቀቁ

ቅዳሜ ነው የሆነው፣ ቨርጂኒያ ያለው የሸናንዶዋ ወንዝ ላይ። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ እኔ ግን አሁንም ደሜ ፈልቶ ነው የምጽፈው። ስሙን አልጠራም። ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እሱን ባታውቁ እንኳ መሰሉን ታውቃላችሁ። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፍታል፣ የፏፏቴ ፎቶ ይለጥፋል፣ «3 ቦታ ብቻ ቀርቷል ፍጠኑ» ይላል፣ ከዚያ የዜል ቁጥሩን (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያውን) ይልካል። በበረዶ ጊዜ ስኪ፣ በመስከረም ፖም ለቀማ፣ በግንቦቱ በዓል በሜሞሪያል ዴይ ደግሞ ታንኳ።

ለአዋቂ 110 ዶላር፣ ለልጅ 80። እኔ፣ ሁለቱ ልጆቼና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው እህቴ። በድምሩ 380 ዶላር። ታንኳው፣ መቅዘፊያው፣ ላይፍ ጃኬቱ፣ የአበሻ ምሳው ሁሉም አለበት ተባለ። ሰዓቱ ሳይሞላ ላክሁለት። ይባስ ብዬ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን ሁለት ቤተሰቦች አስመዘገብኩ። «በእኔ ይሁንባችሁ» አልኳቸው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ሐሙስና ዓርብ ሲዘንብ ዋለ፣ ሲዘንብ አደረ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ፀሐይ ወጣች። በአውራ ጎዳና 66 ፍሮንት ሮያል ከተማ ደርሰን በመንገድ 340 ወደ ደቡብ ታጠፍን። በግራም በቀኝም ተራራና ጫካ ነው፣ እህቴ ፎቶ ማንሳት አላቆመችም። መንገድ ላይ አንድ ታንኳ አከራይ ቤት በሩ ላይ ሰሌዳ አቁሟል፦ ወንዙ ስለሞላ ዛሬ ዝግ ነው። አነበብኩት። ለእህቴም በአማርኛ ነገርኳት። ከዚያ ምን ብል ጥሩ ነው? «የእኛ ሰው ግን ጎበዝ ነው፣ አልዘጋም።»

እስቲ ይሄን ጭንቅላት ምን ይሉታል?

ቤንተንቪል ወንዙ ዳር ስንደርስ ውሃው ማኪያቶ መስሏል። እዚያ አንድ ዝቅ ያለ ድልድይ አለ፤ ውሃው ሊደርስበት ጥቂት ነው የቀረው። ግንድ ከነሥሩ እየተንከባለለ ይመጣና ድልድዩን ድው ያደርገዋል። ሰውዬው በፒክአፕ የራሱን ታንኳዎች ጭኖ መጥቷል። እኔ ከአከራይ ቤት ነው የሚያመጣው ብዬ ነበር። አንዱ ሆዱ ላይ በቴፕ ተለጥፏል።

ጃኬት ማደል ተጀመረ። የልጅ የሚባል ነገር የለም። ትንሿ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ረዳቱ ልጅ የአዋቂውን አለበሳት፣ ጉልበቷ ጋ ደረሰ። «እማዬ፣ ይሄ ካፖርት ነው?» አለችኝ። ረዳቱ ስልኩን አውጥቶ እየሳቀ ቀረጻት። እሷም ሳቀችለት። እኔ ጃኬቱን ትከሻው ላይ በሁለት እጄ ይዤ ወደ ላይ ሳብ አደረግሁት። ጃኬቱ እጄ ላይ ቀረ፣ ልጄ መሬት ላይ ቀረች። ክንዷን እንኳን ሳይነካ ነው ሹልክ ያለው።

«ወንድሜ፣ የልጅ የለህም?»

ዞር ብሎም አላየኝ። «አጥብቀሽ እሰሪው እህቴ።»

«ወንዙስ? ያኛው ቤት ዘግቷል እኮ።»

«ፈረንጅ ዝናብ ካየ ይዘጋል። እኛ የዓባይ ልጆች ሆነን ይሄ ያስፈራናል?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ! ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የልጄን ጃኬት በእጄ ይዤ፣ ሰው እንዳይታዘበኝ ብዬ ሳቅሁ። የዓባይ ልጅ! መርካቶ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ከሳፋ ውሃ ሌላ አላውቅም።

እህቴ ናት ያነቃችኝ። ክንዴን ቆነጠጠችና «እኔ ልጆቹን ይዤ መኪና ውስጥ ገብቻለሁ፣ አንቺ እንደፈለግሽ» አለችኝ። ያኔ ነው «አንሄድም፣ ገንዘቤን መልስልኝ» ያልኩት። «እህቴ» የሚለው አፍ ወዲያው ተቀየረ። ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። «ይሄ ፊርማ የማን ነው? ተመላሽ የለውም ይላል። ታንኳው ይኸው፣ እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ።» ፊርማው የእኔ ነው። ዓርብ ማታ ወጥ እያማሰልኩ፣ ሳላነበው በጣቴ የሞነጫጨርኩት። ረዳቱ ከኋላ ሆኖ «ተዋት፣ ሴትዮዋ ለክትፎ ነው የመጣችው» አለ። ክትፎም አልነበረም እኮ። ምሳ የተባለው ቺፕስና አንድ አንድ ውሃ ነው።

ካስመዘገብኳቸው አንዱ ቤተሰብ ከእኔ ጋር ቀረ። ሌላኞቹ ባልና ሚስት «ከፍለን ከመጣን በኋላማ» ብለው ገቡ። ወንዙ ወደ ወደቀ ዛፍ ወስዶ ለጠፋቸው፣ ታንኳው ተገለበጠ። የወደቀ ዛፍ ውሃውን ያሳልፋል፣ ሰውን ግን እንደ ወንፊት ይይዛል። ቅርንጫፍ ይዘው ወጡ፣ ተመስገን ነው። ስልካቸው፣ የመኪና ቁልፋቸው፣ ጫማቸው ሄደ። ሚስትየዋ እስካሁን ስልኬን አታነሳም። አልፈርድባትም።

ባንክ ደወልኩ። «ራስሽ ነሽ የላክሽው» አሉኝ፣ ዜል እንዲህ ነው። እሱ ደግሞ እሁድ ጠዋት ከግሩፑ አስወጥቶ ብሎክ አደረገኝ።

መሄድ የሚፈልግ ካለ፣ ወንዙ ጥፋት የለበትም። ከመነሳታችሁ በፊት የዩኤስጂኤስን (የአሜሪካ መንግሥት የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤትን) ድረ ገጽ ክፈቱ፤ ሉሬይና ፍሮንት ሮያል ላይ የውሃውን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ አለ፣ በነፃ ነው የሚታየው። ቁጥሩ ካልገባችሁ እዚያው ላለ ታንኳ አከራይ ጠዋት ደውሉ፤ ዘግተናል ካሉ እናንተም ዝጉ። በቨርጂኒያ ሕግ ታንኳ ላይ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነ ላይፍ ጃኬት መኖር አለበት፣ ለልጅም። ትከሻው ላይ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። በካርድ ክፈሉ።

ትናንት ማታ አንዲት ጓደኛዬ የሰውዬውን አዲስ ማስታወቂያ ላከችልኝ። ለጁላይ 4 ነው፣ ለአዋቂ 125 ዶላር ገብቷል። ፎቶው ላይ ጉልበቷ የሚደርስ ጃኬት ለብሳ የምትስቀው የእኔ ልጅ ናት።