የእጅ ጂፒኤስ ለካሽ ፍለጋ፦ ከወራት በኋላ ያየሁት

ለካሽ ፍለጋ (በእንግሊዝኛው ጂኦካሺንግ፣ የተደበቀ ዕቃ በጂፒኤስ የመፈለግ ጨዋታ) ብዬ ራሱን የቻለ የእጅ ጂፒኤስ ከገዛሁ ወራት አለፉ። በገዙ በሳምንቱ የሚጻፍ ግምገማ ሞልቷል፤ አብዛኛው ስለ ስክሪኑ ድምቀትና ስለ ካርታው ነው። ዛፍ ሲጠቀጠቅ፣ ዝናብ ሲወርድና ባትሪ ሲደክም ግን ዕቃው ሌላ ጠባይ ያወጣል። ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዳይሆንብኝ የአምራቹን ስም ትቼዋለሁ። በሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ በቁልፍ የሚታዘዝ፣ ኤሌክትሮኒክ ኮምፓስ ያለው መካከለኛ ሞዴል ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ፦ አንዱ «ካሽ» የሚባል ክዳን ያለው ዕቃ ይደብቅና የቦታውን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩን፣ ይፋ ያደርጋል። ሌላው ፈልጎ ያገኘዋል፣ ውስጡ ያለው ደብተር ላይ ይፈርማል፣ እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስህተት እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 አነሳ፤ በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ለሌሎች አሳወቀ። ከዚያ በፊት ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ስለነበር፣ ጫካ ውስጥ የፎቶ ፊልም ማስቀመጫ የምታህል ዕቃ መፈለግ የሚታሰብ አልነበረም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ልክ ያሳያል ወይ?» ብሎ ነው። ሜዳ ላይ አዎ፤ ማሳያው የስህተት መጠኑን 3 ሜትር ገደማ ይላል። መንገዱ ዛፍ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩ ወደ 8፣ አንዳንዴም ከ10 በላይ ይወጣል። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ነው ያሉት፤ መሬት የሚደርሰው ምልክት ደካማ ነው። ግንድና ቅጠል ከፊሉን ይውጡታል፣ ከፊሉን ያነጥሩታል። ቅጠሉ ዝናብ ጠጥቶ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። የደበቀው ሰውም እዚያው ዛፍ ሥር ቆሞ ስለሆነ ቁጥሩን የወሰደው፣ የእሱ ስህተት በእናንተ ላይ ይደመራል። የኮኦርዲኔቱ የመጨረሻ አሃዝ፣ ማለትም የአንድ ደቂቃ (የዲግሪ 60ኛ ክፍል) ሺኛ፣ በኬክሮስ በኩል ብቻውን 1.85 ሜትር ነው። ስለዚህ «ዜሮ ሜትር» የሚል ጽሑፍ አይቶ እግሩ ሥር የሚቆፍር ሰው በከንቱ ይደክማል፤ ካሽ መቅበር ራሱ ያለ መሬቱ ባለቤት ፈቃድ በጨዋታው ሕግ ክልክል ነው።

ከ10 ሜትር በታች ቀስቱን ማመን ትቻለሁ። ቀስቱ ያመለከተበትን መስመር በዓይኔ ይዤ ሩቅ አንድ ዛፍ ምልክት አደርጋለሁ። ከዚያ ራቅ ብዬ ዞሬ ከጎን እመጣና ሁለተኛ መስመር እይዛለሁ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት አካባቢ የፍለጋ ክልሌ ነው። መሣሪያው ኪስ ይገባል፣ ዓይን ሥራ ይጀምራል። የዛፍ ሥር ክፍተት፣ የወደቀ ግንድ ሆድ፣ እንደ ሌሎቹ የድንጋይ ሽበት ያልበቀለበት ድንጋይ። ከሁሉ በላይ ግን ጭራሮ ነው የሚያሳብቀው፤ ነፋስ የጣለው ጭራሮ ተመሰቃቅሎ ይወድቃል፣ ሰው የከመረው ጎን ለጎን ይተኛል። አምስት ስድስት ጭራሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርድሮ ካየሁ እጄን እሰዳለሁ።

ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣው ነገር፣ በእኔ አስተያየት፣ ካርታው ሳይሆን ኮምፓሱ ነው። ኮምፓስ የሌለው ጂፒኤስ ወዴት እንደዞራችሁ የሚያውቀው ስትራመዱ ብቻ ነው፤ ቆም ስትሉ ቀስቱ ይቀባዥራል። ፍለጋው ደግሞ ግማሹ መቆም ነው። ችግሩ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ኮምፓሱን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ይህም መሣሪያውን ይዞ በሦስት አቅጣጫ ቀስ እያሉ ማዞር ነው። ከታለፈ ቀስቱ በሙሉ ልብ የተሳሳተ ዛፍ ያሳያችኋል። ማግኔት ያለው የስልክ ሽፋን አጠገቡ ካለም እንዲሁ።

ባትሪው ለረጅም ቀን ይበቃል። የሚሞላ ድንጋይ የምትጠቀሙ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዓይነቱን ቀይሩ፤ የሚሞላው 1.2 ቮልት፣ ተራው አልካላይን 1.5 ቮልት ስለሆነ፣ ካልተቀየረ መሣሪያው ያልደከመውን ባትሪ «አልቋል» ማለት ይጀምራል።

ስልክ አይበቃም ወይ? ለጀማሪ ይበቃል፤ በስልክ ሳይሞክር ይህን የሚገዛን ሰው አልመክርም። ፍንጭ ለማንበብና የሌሎችን አስተያየት ለማየት አሁንም ስልኬን ነው የማወጣው። ስክሪን በዝናብ ጠብታ ሲደናገር፣ እጅ ጓንት ውስጥ ሲሆን፣ ወይም ዕቃው ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ግን ቁልፍ ያለው ያሸንፋል። (አላፊ አግዳሚውም ስልክ ይዞ ዛፍ የሚዞርን ሰው በጥርጣሬ ያያል፤ ይህን የያዘውን ግን መሬት ለኪ ነው ብሎ ያልፋል።)

ያሳሰበኝ የዩኤስቢ ቀዳዳው የጎማ ክዳን ነው። ላልቷል፣ አንዱ ጠርዝ ሲዘጋ ሌላው ይነሳል። ውሃ መከላከያው አይፒኤክስ7 ነው ይባላል፤ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፣ ክዳኑ ከገጠመ። ደመና ባለ ቀን ከመውጣቴ በፊት ዙሪያውን በጥፍሬ እጫነዋለሁ። መለዋወጫ ክዳን ለብቻው ስላላገኘሁለት፣ ይህን መሣሪያ አንድ ቀን የሚያስጥለኝ ስክሪኑም አንቴናውም ሳይሆን ይህቺ ጎማ ትመስለኛለች።