ኦሪጅን፣ ኢለስትሬተር ወይስ ነፃዎቹ? ለጆርናል ግራፍ የትኛው ያዋጣል

የቴሲስ ማስረከቢያ በደረሰ ቁጥር ባሕር ዳርም፣ ደብረ ማርቆስም፣ እንጅባራም የሚጠየቀው ያው ነው፤ «ግራፌ ደበዘዘ ተብሎ ተመለሰብኝ፤ ኦሪጅን ላስጭን ወይስ ኢለስትሬተር ልግዛ?» ግራፍ መሥሪያውን ኦሪጅንንም፣ ሥዕል ማስተካከያውን ኢለስትሬተርንም ተዉአቸው። በኮድ ግራፍ የሚሠራው አር እና ሥዕል ማስተካከያው ኢንክስኬፕ ይበቃሉ፤ ሳንቲም አያስወጡም።

ኢለስትሬተር አንዴ ተከፍሎ የሚገላገሉት ዕቃ አይደለም፤ እንደ ቤት ኪራይ ነው። ብቻውን በወር ከ20 ዶላር በላይ፣ በዓመት ከ240 በላይ፣ ያውም ዶላር በሚከፍል ካርድ። ኪራዩ ሲቆም ፕሮግራሙም ይቆማል። አራት ግራፍ ላላት አንዲት ጽሑፍ ይህ ሁሉ ምን ሲባል? ነፃዎቹ የሚፈልጉት ለማውረጃ የሚሆን ዳታ ብቻ ነው፤ የግቢ ዋይፋይ ላለው እሱም ቀረ።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ ኦሪጅን በፍላሽ ይዞ የሚጭነው ልጅ የሚጠይቃት ጥቂት ብር ታጓጓለች። ግን መጀመሪያ የሚያደርገው አንቲቫይረሱን ማጥፋት ነው፤ ቴሲሱ ያለው እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው። ክራኩ የከሸፈ ዕለት ደግሞ ኦሪጅን ወደ ዴሞ ይመለሳል፤ የሚያወጣው ግራፍ ሁሉ ላይ «ዴሞ» የሚል ጽሑፍ ይጋደምበታል። የኦሪጅን ፋይል በአግባቡ የሚስተካከለው በኦሪጅን ስለሆነ፣ ሪቪወሩ «የቋሚ ዘንጉን መለኪያ ቀይሩ» ሲል ሥራው ከዜሮ ይጀመራል። የአር ስክሪፕት ግን ተራ ጽሑፍ ነው፤ በማንም ላፕቶፕ ይከፈታል፤ አንድ መስመር ቀይሮ እንደገና ማስኬድ ነው።

ወደ ድብዘዛው እንምጣ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። ስክሪንሾት ሲነሳ ግራፉ 600 ፒክስል ስፋት ካለው፣ በ90 ሚሊሜትር ዓምድ ሲታተም በኢንች 169 ፒክስል ብቻ ይደርሰዋል። የጆርናል አሳታሚው ኤልሰቪየር በኢንች ለፎቶ 300 ፒክስል፣ ፎቶና ጽሑፍ ለተቀላቀለበት 500፣ ለመስመር ሥዕል 1000 ይጠይቃል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሚሊሜትሩን ለ25.4 አካፍሎ በሚፈለገው ማባዛት። 90 ሚሊሜትር በ300 ሲሆን 1063፣ በ1000 ሲሆን 3543 ፒክስል። ፎቶ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ 72 የሚለውን 300 ብሎ መጻፍ ቁጥሩን ይቀይራል እንጂ የሌለ ፒክስል አይፈጥርም። ቬክተር፣ ማለትም በፒክስል ሳይሆን በመስመር ቀመር የሚቀመጥ ሥዕል፣ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ የቱንም ያህል ቢያጎሉት መስመሩ ስል ነው።

የባሶ ሊበንና የደጀን የጤፍ ምርት ግራፍ በአር የግራፍ መሥሪያ፣ በጂጂፕሎት፣ ተሠራ እንበል። ልኩ ሳይነገረው ሲቀመጥ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 7 ኢንች ገደማ፣ ማለትም 178 ሚሊሜትር ይሆናል። የፊደሉ መነሻ 11 ነጥብ ነው፤ የዘንጉ ቁጥሮች ደግሞ የዚያ 0.8 እጅ፣ 8.8 ነጥብ። ጆርናሉ ወደ 90 ሚሊሜትር ሲያጠበው ቁጥሮቹ 4.5 ነጥብ አይሞሉም፤ ማንም አያነባቸውም። መድኃኒቱ ከመነሻው ስፋቱን 90 ሚሊሜትር፣ የፊደሉን መነሻ 9 አድርጎ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ነው፤ ቁጥሮቹ 7.2 ነጥብ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ መጎተት፣ ማጥበብ የለም።

የወረዳ ስም በአማርኛ የሚጽፍ ሌላ ወጥመድ አለበት። የአር መደበኛ ፒዲኤፍ የግዕዝ ፊደሉን ነጥብ በነጥብ አድርጎ ያወጣዋል፤ በሌላው የአር ማውጫ፣ በካይሮ ፒዲኤፍ (cairo_pdf)፣ ማውጣትና ፎንቱን ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ማድረግ ይፈታዋል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ከሆነ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፋይሉን ከመላክ በፊት ኢንክስኬፕ ውስጥ ጽሑፉን ወደ ሥዕል መስመር (path) መቀየር ነው፤ ግን ኮፒ አስቀርታችሁ፣ ከተቀየረ ወዲያ ፊደል ማረም የለምና።

ራስተር፣ ማለትም ከፒክስል የተሠራ ምስል፣ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። የሳተላይት ምስል ያለበት የጥናት ቦታ ካርታ፣ የማይክሮስኮፕ ፎቶ፣ 50,000 ነጥብ የተበተነበት ግራፍ በራስተር ይሻላሉ፤ የመጨረሻው በቬክተር ሲሆን ፋይሉ ሲከፈት ላፕቶፑን ያንቀራፍፈዋል። ፕሎስ ዋን የተባለው ጆርናል ደግሞ ቲፍ (ራስተር) ወይም ኢፒኤስ (ቬክተር) የሚባሉትን የፋይል ዓይነቶች ብቻ ነው የሚቀበል። ኢፒኤስ ደግሞ አሳላፊ ቀለም አያውቅም፤ በመስመሩ ዙሪያ የጣላችሁት ግራጫ ጥላ ድምጥማጡ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለውን በቲፍ ላኩት። ፒዲኤፉን ከኢንክስኬፕ በኢንች 600 ፒክስል አድርጎ በፒኤንጂ አውጥቶ፣ ነፃው የፎቶ ማስተካከያ ጊምፕ ላይ ነጭ መደብ ሰጥቶ አሳላፊነቱን ማጥፋት፣ ጥራት በማይቀንሰው በኤልዜድደብልዩ ጨምቆ ቲፍ ማድረግ ነው። ጄፔግ ለግራፍ አይሁን፤ በፊደሎቹ ዙሪያ አቧራ የመሰለ ነገር ይተዋል።

ኮድ አልወድም የሚል በኤክሴል ይሥራ፤ ነውር የለውም። ቻርቱን መርጦ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ፣ ኢንክስኬፕ ላይ ከፍቶ ትርፉን ማጽዳት፤ ቬክተርነቱ አይጠፋም። ዎርድ ላይ የሚለጠፍ ምስል ግን ጉድ አለበት፤ ፋይሉ ሲቀመጥ ዎርድ ብዙ ጊዜ ምስሉን በኢንች ወደ 220 ፒክስል ያወርደዋል። በአማራጮቹ ውስጥ «ምስል አትጭመቅ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከጎኑ ካለው ዝርዝር «ሁሉም አዲስ ፋይሎች» የሚለው ካልተመረጠ ምልክቱ ለዚያ ፋይል ብቻ ስለሚሠራ፣ አዲስ ፋይል በከፈታችሁ ቁጥር ድገሙት።